ግሬስ ሆፐር፤ ለሒሳብ መኪናዎች የጋራ ቋንቋ የፈለጉ መምህር

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ ሰው የደከመበት ሥራ ከራሱ ዕድሜ አልፎ ለሚከተለው ትውልድ እንዲተርፍ ይመኛል። ገበሬ ያቀናው መሬት፣ ግንበኛ የካበው ድንጋይ፣ ጸሐፊ በብራና ላይ ያሰፈረው ቃል ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ይኖራል። በእኛ ዘመን ግን የሰው ድካም አብዛኛው በኮምፒዩተር ውስጥ እየተቀመጠ በመሄዱ አንድ አዲስ ዐይነት ሞት መጥቷል። ይኸውም ሥራው ራሱ ምንም ሳይጐድለው፣ የተሠራበት መሣሪያ ሲያረጅ ወይም በሌላ ሲለወጥ፣ አብሮት የሚቀበርበት ሞት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአሮጌ ዲስክ ላይ የተቀመጠ የአማርኛ ጽሑፍ ለማንበብ ሞክረን፣ በፊደላችን ፈንታ ትርጒም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ያየን ጥቂቶች አይደለንም። ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ ዲስኩም አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የሚሰጡት ቍጥር እንደየሠሪው የተለያየ ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈውን ሌላው ሊያነበው አይችልም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።)

ይህንኑ ችግር በጽሑፍ ላይ ሳይሆን በፕሮግራም ላይ፣ ማለት ለኮምፒዩተር በሚሰጠው የትእዛዝ ዝርዝር ላይ፣ አስቀድመው ካዩትና መፍትሔ ለመፈለግ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር ናቸው። የእኚህን ሴት ታሪክ ለአርትስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ የኤሌክትሪክና የብረት ይመስላል እንጂ መፍትሔው የቋንቋ ሥራ፣ ከዚያም በላይ ሰውን ከሰው የማስማማት ሥራ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

ግሬስ ብሩስተር መሪ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው የማንቂያ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው አንዱን ፈቱት። መልሰው መግጠም ቢያቅታቸው ሌላውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ በቤቱ ውስጥ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች አፈራረሱ። እናታቸውም ነገሩን በደረሱበት ጊዜ ፈጽመው አልከለከሉም፤ ለመፍታት የሚፈቀደው ግን አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በ16 ዓመታቸው ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ተፈትነው በላቲን ቋንቋ ወደቁና አንድ ዓመት ጠብቀው ገቡ። በኋላ ለመኪና ቋንቋ ያበጁት ሴት በቋንቋ ፈተና ወድቀው እንደ ነበረ ማወቅ፣ በየፈተናው ለምንጨነቀው ለእኛ ጥቂት መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም።

ከቫሳር በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ፤ ከዬል ዩኒቨርስቲ በ1930 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባሉትን የሥነ ጽሑፍ መምህር አግብተው ሆፐር የሚለውን ስም እስከ መጨረሻው ያዙ። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ሲያስተምሩ አንድ ያልተለመደ ልማድ ነበራቸው። ተማሪዎቻቸውን ስለ ሒሳብ ድርሰት ያስጽፉና የቋንቋውን ስሕተት ጭምር ያርሙ ነበር። ተማሪዎቹ የመጣነው ሒሳብ ለመማር ነው ብለው ቢያጕረመርሙም ዶክተር ሆፐር አልሰሟቸውም፤ ያወቁትን ለሌላ ሰው ማስረዳት ካልቻሉ ዕውቀታቸው ከንቱ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። የኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህች ልማድ የበቀለ ሆኖ ይታየናል።

በ1941 ማለቂያ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ቅድመ አያታቸው የባሕር ኀይል አድሚራል የነበሩት መምህርት ወንበራቸውን ትተው ባሕር ኀይል ለመግባት አመለከቱ። ዕድሜያቸው ከሚፈለገው ያለፈ፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው በ7 ኪሎ ያህል ያነሰ ስለ ነበረ በመጀመሪያ ተቀባይነት አላገኙም። ሆኖም በልዩ ፈቃድ ዲሴምበር 1943 ተቀጠሩ፤ ሥልጠናውንም በ1944 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ጨረሱ። መርከብ ላይ እንጓዛለን ሲሉ የተመደቡት ግን በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ከነበረ አንድ ክፍል ሆነ። በዚያ ማርክ አንድ የተባለው የሒሳብ መኪና ይጠብቃቸው ነበር።

ማርክ አንድ ርዝመቱ ከ15 ሜትር የበለጠ፣ ክብደቱ 5 ቶን ያህል፣ ከ700,000 በላይ ዕቃዎች የተገጣጠሙበት ነበር። ይህን ያህል ግዙፍ ሆኖ በአንድ ሴኮንድ መደመር የሚችለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዛሬ በኪሳችን ከምንይዘው ስልክ ጋራ ለማነጻጸር እንኳ አይመችም። ሆኖም በዚያን ጊዜ ከእርሱ የሚተካከል አልነበረም። ትእዛዙን የሚቀበለው ቀዳዳ ከተበሳበት ረዥም የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ትርጒም አለው፤ አንዱ ቢሳሳት ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። ሆፐር ይህን መኪና እንዲያሠሩ ከታዘዙት የመጀመሪያ ሰዎች መካከል ሆኑ፤ ስለ አሠራሩም ከ500 ገጽ በላይ የሆነው የመመሪያ መጽሐፍ በ1946 ሲታተም አብዛኛው የእርሳቸው ድካም ነበር።

በዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ተያዘችው የእሳት ራት የሚነገረውን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። በ1947 የማርክ ሁለት መኪና ሥራ ባስተጓጐለ ጊዜ በአንዱ መቀያየሪያ ውስጥ አንዲት የሞተች የእሳት ራት ተገኝታ በመዝገቡ ላይ በፕላስተር ተለጠፈች። ሆፐር ይህን ታሪክ መተረክ ይወዱ ነበር እንጂ ራቷን ያገኙት እርሳቸው አልነበሩም፤ የመኪና ስሕተትን በነፍሳት ስም መጥራትም ከዚያ በፊት በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነበር። ለኛ ከራቷ ይልቅ የሚጠቅመን በዚያ ክፍል ያስተዋሉት ሌላ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ደጋግመው የሚያስፈልጉአቸውን የትእዛዝ ዝርዝሮች በየደብተራቸው ይይዙና እርስ በርሳቸው እየተዋዋሱ ይገለብጡ ነበር። ሲገለብጡም ይሳሳታሉ። አንዱ የመደመር ምልክቱን ይዘላል፤ ሌላው ቍጥሩን ያዛባል። ጽሑፍን መገልበጥ ድካም የማያውቀው መኪና እያለ ለምን ሰው ይገለብጣል? ይህች ጥያቄ በልባቸው ቀረች።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የመጡት ዓመታት መልካም አልነበሩም። ትዳራቸው በ1945 ፈረሰ፤ በሃርቫርድም ቋሚ ቦታ ስላልተገኘላቸው በ1949 ለቀቁ። በዚያ ወራት መጠጥ አብዝተው እንደ ነበረና ወዳጆቻቸው ደግፈው እንዳነሡአቸው የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት ሰዎች አልደበቁም። እኛም የምናነሣው ለነቀፋ አይደለም። የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ከልደት እስከ ክብር ቀጥ ያለ መንገድ ሆኖ ሲጻፍ አንባቢው የራሱን መሰናክል የእርሱ ብቻ እድል አድርጎ ስለሚቈጥረው ነው።

በ1949 ፊላደልፊያ ከተማ ወደሚገኘው የኤከርትና የሞክሊ ኮምፒዩተር ኩባንያ ገቡ። ኩባንያው ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ይሠራ ነበር፤ በ1950 ሬሚንግተን ራንድ ገዛው፤ በ1951ም የመጀመሪያውን ዩኒቫክ ለአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ መሥሪያ ቤት አስረከበ። እዚህ ላይ ዋናውን ችግር ግልጽ ማድረግ ይገባናል። እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ዐይነት የራሱ የትእዛዝ ቍጥሮች አሉት። በአንዱ ደምር የሚለው ቍጥር በሌላው ቀንስ ወይም ቁም ይሆን ይሆናል፤ ወይም ምንም ትርጒም አይኖረው ይሆናል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሒሳቡን በአንድ መኪና ለማሠራት ብዙ ሰዎች ወራት ሙሉ ቢደክሙ፣ አዲስ መኪና በተገዛ ቀን ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የደመወዙ ሒሳብ አልተለወጠም፤ ግብሩም፣ ወሩም ያው ነው። የተለወጠው ብረቱ ብቻ ሆኖ ሳለ አሳቡ እንደገና ከሀ ጀምሮ መጻፍ አለበት።

ዶክተር ሆፐር በ1951ና በ1952 ኤ ዜሮ ያሉትን ፕሮግራም ሠሩ። ይህ ፕሮግራም ሥራው ሌላ ፕሮግራም ማዘጋጀት ነበር። ሰው የሚፈልጋቸውን የስሌት ክፍሎች በመለያ ቍጥራቸው ብቻ ይጠራቸዋል፤ መኪናው ራሱ ከጥብጣብ ላይ ፈልጎ፣ በየቦታቸው ደርድሮ፣ አገናኝቶ ሙሉ ፕሮግራም ያወጣል። ከየሥፍራው ሰብስቦ አንድ መድበል እንደሚያዘጋጅ ሰው ስለ ሆነ ኮምፓይለር፣ ማለት አሰባሳቢ፣ የሚለውን ስም ሰጡት። ስሙ እስከ ዛሬ ቀርቷል፤ ትርጒሙ ግን ሰፍቶ ሰው በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈውን መኪናው ወደሚረዳው ቍጥር የሚመልስ ፕሮግራም ሁሉ ኮምፓይለር ይባላል። በ1952 ፒትስበርግ ላይ ስለዚሁ ጽሑፍ አቀረቡ። የሚያምናቸው ግን ጥቂት ነበር፤ የሒሳብ መኪና ሒሳብ ይሠራል እንጂ ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም የሚለው አስተያየት በባለሙያዎቹ ዘንድ እንደ እውነት ተይዞ ነበርና።

ቀጥለው ወደ ሌላ ያልተሞከረ ነገር ተሻገሩ። የንግድና የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሒሳብ ምልክት አይወዱም፤ ስለዚህ ለምን በተራ የእንግሊዝኛ ቃል አያዝዙትም? አለቆቻቸው ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አያውቅም ብለው መለሱላቸው። ዶክተር ሆፐርም ረዳቶቻቸውን ይዘው አንዲት ትንሽ ኮምፓይለር ሠሩና በእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ አጭር ፕሮግራም አሳዩ። ከዚያም የትእዛዙን ቃላት ብቻ በፈረንሳይኛ ለውጠው ያንኑ ፕሮግራም አሠሩ፤ ደግሞም በጀርመንኛ ለውጠው አሠሩ። ነገሩ ሁሉ ግልጽ የሚሆንላቸው መስሏቸው ነበር። የኩባንያው አለቆች ግን ደነገጡ፤ በአሜሪካ የተሠራ መኪና እንዴት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያውቃል ብለው ተጨነቁ። ሆፐርም ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ እንደማይሠሩ ቃል ገብተው ሥራቸውን አዳኑ።

በዚህ ታሪክ ላይ ጥቂት ልንቈይ እንወዳለን። ለመኪናው የእንግሊዝኛው ቃልም፣ የጀርመንኛውም፣ የፈረንሳይኛውም ቃል ያው የኤሌክትሪክ ምልክት ሰልፍ ነው። በዚያ ቀን ደምር የሚለውን የእኛን ቃል አስገብተው ቢሆን ኖሮ መኪናው ያለ ቅሬታ ይደምር ነበር። መኪና ለአንዱ ቋንቋ አያደላም። የሚያደላው ሰው ነው። ስለዚህ የዶክተር ሆፐር ከባዱ ትግል ከመኪናው ጋራ ሳይሆን ከሰዎች ልማድ ጋራ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ከዚሁ ሥራ የተወለደው ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ በ1950ዎቹ ማለቂያ በዩኒቫክ ተጠቃሚዎች እጅ ገብቶ አገልግሎት ሰጠ።

ይሁን እንጂ ፍሎው ማቲክ የአንድ ኩባንያ ቋንቋ ነበር። አይ ቢ ኤም የራሱን፣ ሐኒዌልም የራሱን ያዘጋጁ ነበር። ችግሩ ከቍጥር ወደ ቃል ከፍ አለ እንጂ አልተወገደም፤ ባቢሎን ከታች ፈርሳ ከላይ ልትሠራ ሆነ። በ1959 ኤፕሪል 8 ቀን ጥቂት ባለሙያዎች በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርስቲ ተሰብስበው ለሁሉም መኪና የሚያገለግል አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተነጋገሩ። ብዙ ዐይነት ኮምፒዩተር ገዝቶ በልዩነታቸው የተቸገረው የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ስብሰባውን ለመጥራት ተስማማ፤ ሜይ 28ና 29 ቀን 40 የሚያህሉ ሰዎች ፔንታገን ውስጥ ተሰበሰቡ። ከዚህ ጕባኤ ኮቦል የተባለው ቋንቋ ተወለደ፤ ጽሑፉም በ1960 መጀመሪያ ጸደቀ።

ሆፐር የኮቦል እናት ተብለው ሲጠሩ እንሰማለን፤ ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባናል። ቋንቋውን ቃል በቃል የቀረጸው ጂን ሳሜትን የመሳሰሉ ባለሙያዎች የነበሩበት የተውጣጣ ኮሚቴ ነው፤ ሆፐር አማካሪ ነበሩ። ሆኖም ኮሚቴው ከሁሉ አብልጦ የተከተለው ፍሎው ማቲክን ስለ ነበረና የሚሆን ነገር መሆኑን አስቀድመው በተግባር ያሳዩት እርሳቸው ስለ ሆኑ፣ ልጁ መልኩን ከእርሳቸው ወስዷል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የኮቦል ፕሮግራም አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የፕሮግራሙን ስም ይናገራል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚሠራበትን መኪናና የሚጠቀምባቸውን መሣሪያዎች ይገልጻል። ሦስተኛው የመዝገቦቹን መልክ፣ አራተኛው የሥራውን ቅደም ተከተል ያትታል። ጥበቡ ያለው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ከመኪና መኪና የሚለያየው ነገር በተቻለ መጠን በዚያ አንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ተደረገ። አዲስ መኪና ሲመጣ ጸሐፊው የት የት ምን እንደሚለወጥ ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር ማሰስ አይኖርበትም፤ በዋናነት ያንን ክፍል ይለውጣል። ልዩነትን ማጥፋት አልተቻለም፤ አድራሻውን ማወቅ ግን ተቻለ።

ይህ አሳብ በወረቀት ላይ ብቻ ያልቀረ መሆኑ ዲሴምበር 6ና 7 ቀን 1960 ታየ። አንድ የኮቦል ፕሮግራም በመጀመሪያ አር ሲ ኤ 501 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ፣ ቀጥሎም በሬሚንግተን ራንድ ዩኒቫክ ሁለት ላይ ተሠራ። ሁለቱ መኪናዎች የተለያዩ ተወዳዳሪ ኩባንያዎች ሥራ ናቸው፤ በትእዛዝ ቍጥራቸውም አይመሳሰሉም። በፕሮግራሙ ላይ የተደረገው ለውጥ ግን ጥቂት ብቻ ነበር፤ ውጤቱም ያው ሆነ። በዚያ ሁለት ቀን ሰው የጻፈው አሳብ ከአንድ መኪና ወጥቶ በሌላ መኪና ውስጥ በሕይወት መኖር እንደሚችል በአደባባይ ተረጋገጠ። የመከላከያ ሚኒስቴርም ኮቦል የማይችል ኮምፒዩተር ላለመግዛትና ላለመከራየት በመወሰኑ፣ በክርክር ያልተረቱት ኩባንያዎች በገበያ ተረቱ።

ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ሁሉ ግን ከንቱ አልነበረም። ኮምፓይለር የሚያወጣው ፕሮግራም የሠለጠነ ሰው በእጁ በቍጥር ከሚጽፈው ይዘገያል፤ የኮምፒዩተር አንድ ሰዓት ደግሞ በዚያን ጊዜ እጅግ ውድ ነበር። የሆፐር መልስ በአጭሩ የመኪና ዋጋ እየረከሰ፣ የሰው ጊዜ እየተወደደ ይሄዳል የሚል ነበር። ዘመኑም እርሳቸውን ደገፈ።

በ1966 ማለቂያ በኮማንደር ማዕርግ ከባሕር ኀይል ተጠባባቂነት ጡረታ ወጡ። ዕረፍቱ ግን ጥቂት ወራት ብቻ ቈየ። በ1967 ኦገስት ለስድስት ወር ተብለው ተመልሰው ተጠሩ፤ ያ ስድስት ወር 19 ዓመት ሆነ። የተጠሩበት ምክንያት ለርእሳችን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ሁሉም ኩባንያ ኮቦል አለኝ ይል ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ጥቂት እየጨመረ፣ ጥቂት እየቀነሰ የራሱን ዘዬ አበጅቶ ነበር። ቋንቋው በስም አንድ፣ በተግባር ብዙ ሆነ። የኮቦል አገር አቀፍ ደረጃ በ1968 ቢጸድቅም ደረጃ መጻፍ ብቻውን አላዳነም። ስለዚህ ሆፐርና ባልደረቦቻቸው የመፈተኛ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። አንድ ኩባንያ ኮምፓይለሩን ሲያቀርብ በፕሮግራሞቹ ይፈተናል፤ ከደረጃው የራቀበት ቦታ ሁሉ በግልጽ ይወጣል። በስብሰባ የተስማሙትን ነገር በፈተና እስካላረጋገጡት ድረስ ስምምነት እንዳልሆነ ባሕር ኀይሉ የተማረው ከእርሳቸው ነው።

በነዚህ ዓመታት አገር ለአገር እየዞሩ ለወጣቶች ያስተምሩ ነበር። በእጃቸው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሽቦ ይዘው፣ ብርሃን በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የሚሄደው ይህን ያህል ብቻ መሆኑን በዓይን ያሳዩ ነበር። በቢሯቸውም ወደ ኋላ የሚዞር የግድግዳ ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ሁልጊዜ እንዲህ ሲሠራ ኖሯል የሚለውን ምክንያት አጥብቀው ይጠሉ ስለ ነበረ፣ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓትም ጊዜን በትክክል እንደሚያሳይ ለማስታወስ ነበር። ሰዓት በማፍረስ የጀመረው ልጅነት በእርጅናም አለቀቃቸውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛ ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው ሊለን ይችላል። ችግሩ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊን የሚያስቸግረው ብረቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከብረቱ በላይ ተቀምጦ ሥራውን ሁሉ የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክ፣ አንድሮይድ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ፕሮግራም መዝገብ ለመክፈት፣ ሰዓት ለመጠየቅ፣ ሌላ ፕሮግራም ለማስነሣት ሲፈልግ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በር ማለፍ አለበት፤ በሮቹም አንድ ዐይነት አይደሉም። ዩኒክስንና ተከታዮቹን ብንመለከት የመስመር መጨረሻ የሚታወቀው በአንድ ስውር ምልክት ነው፤ በዊንዶውስ በሁለት። የመዝገብ አድራሻ ሲጻፍ የመለያው ጭረት በአንዱ ወደ ፊት፣ በሌላው ወደ ኋላ ያዘነብላል። በዩኒክስ አንድ ሥራ ሌላ ሥራ የሚያስነሣው በመጀመሪያ የራሱን ቅጂ በማውጣት ሲሆን፣ በዊንዶውስ አዲሱን በቀጥታ በማስጀመር ነው። በአንዱ ላይ አለ እንከን ያለፈው ጽሑፍ በሌላው ላይ ኮምፓይለሩን አያልፍም።

መፍትሔው ከሆፐር ዘመን መፍትሔ ብዙ አልራቀም። በ1973 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ዩኒክስን ሲ በተባለው ቋንቋ እንደገና ጽፈው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራሱ ከመኪና ወደ መኪና እንዲሸጋገር መንገድ ከፈቱ። በ1988 ደግሞ የዩኒክስ ዐይነቶች እየበዙ ስላስቸገሩ የጋራ በሮቻቸው ምን መምሰል እንዳለባቸው የሚወስን ፖዚክስ የተባለ ደረጃ ወጣ። ጥንቁቅ ጸሐፊም ዛሬ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሲስተም ሲስተም የሚለያየውን ሁሉ በጥቂት መዝገቦች ውስጥ ይሰበስባል፤ ኮምፓይለሩም እንደ ሲስተሙ ተገቢውን መርጦ እንዲያስገባ ምልክት ያደርግለታል፤ የቀረው የሥራው አካል ግን በየትኛው ሲስተም ላይ እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ይጻፋል። ከዚያም በሁሉም ላይ ይፈትነዋል። ልዩነትን ለይቶ ማስቀመጥ፣ በጋራ መስማማት፣ ስምምነቱን መፈተን፤ ሦስቱም በሆፐር ሕይወት ውስጥ በተራ አይተናቸዋል።

ነገሩን በምስጋና ብቻ እንዳንዘጋው አንድ ጥላ አለበት። ሥራ ከመሣሪያው ሞት ሲያመልጥ ስሕተቱም አብሮ ያመልጣል። ቦታ ለመቈጠብ ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ የጻፉ አሮጌ ፕሮግራሞች፣ ብዙዎቹም በኮቦል የተጻፉ፣ ጸሐፊዎቻቸው ካሰቡት በላይ በመኖራቸው የ2000 ዓመት ሲቃረብ ዓለምን ታላቅ ወጪ አስወጡ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ የኒው ጀርሲ ግዛት አገረ ገዥ የአሮጌ ኮምፒዩተሮቻቸውን ፕሮግራም የሚጠግን ኮቦል ዐዋቂ እስከ መለመን ደረሱ። ፕሮግራሙ ኖረ፤ የሚያነበው ሰው ግን ጠፋ። ስለዚህ ሥራን ከመኪና ነጻ ማውጣት ግማሹ መንገድ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሚረዳው ትውልድ ማሠልጠን ነው። ሆፐር ራሳቸው ከሠሩት ሁሉ ይበልጥ ያሠለጠኑአቸውን ወጣቶች እንደ ታላቅ ሥራቸው ይቈጥሩ እንደ ነበረ ይታወቃል።

በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ ይህም ማዕርግ በ1985 ሪር አድሚራል ተብሎ ተለወጠ። በ1986 ኦገስት 14 ቀን፣ በ79 ዓመታቸው፣ በባሕር ኀይሉ ውስጥ በሥራ ላይ ካሉት መኰንኖች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ሆነው ሳለ፣ ቦስተን ወደብ ላይ በቆመችው ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊ መርከብ ላይ በክብር ተሰናበቱ። ከዚያም በኋላ በአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሠሩ እንጂ አላረፉም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው አርሊንግተን ቨርጂኒያ አረፉ፤ በዚያው በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበሩ። በስማቸው የተሰየመ የጦር መርከብ በ1997 ሥራ ጀመረ፤ በ2016 የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳይ ለመታሰቢያቸው ተሰጠ፤ በ2017 ዬል ዩኒቨርስቲ አንዱን ኮሌጁን በስማቸው ጠራው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ እኛ የምንወስደው ምንድን ነው? የአገራችንን ታሪክ፣ ቋንቋና ባህል የሚመለከት ብዙ ጽሑፍ በየመሥሪያ ቤቱና በየግለሰቡ እጅ በአሮጌ ዲስክ ላይ በአሮጌ የፊደል ቍጥር ተጽፎ ተቀምጧል። የሚያነቡት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። ያን ወደ ጋራው ፊደል የመመለስ ሥራ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ብቻ የሚወጡት አይደለም፤ ጽሑፉን አንብቦ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው የእኛ ዐይነቱ ተማሪ ነውና። እነርሱ ፕሮግራሙን ቢጽፉ፣ እኛ ንባቡን ብናርም፣ ሁለታችንም ተገናኝተን የምንወያይበት አንድ ክፍል ማኅበራችን ቢያዘጋጅልን፣ ጅምሩ ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ዶክተር ሆፐርም የጀመሩት ሌላ ሰው በሚጠቀምበት ቋንቋ መጻፍን ለሒሳብ ተማሪዎቻቸው በማስተማር ነበር።